ቀን ሥጋ ቤት፣ ማታ ነርስነት

ነርስ የመሆን ሐሳብ ከእኔ አልመጣም፤ ከባለቤቴ ነው የመጣው። ባጃጅ ቆቦ ውስጥ እንደ አንበጣ መርመስመስ በጀመረበት ዘመን ነው። ፍልሰታ ነበር። ከተዘጋው ሥጋ ቤታችን ደጃፍ በርጩማ አውጥተን እኔና የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ዳማ እንጫወታለን። ሥጋ ቤቱ የሁለታችን ነው። እሱ ከብት ይገዛል፣ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል፤ እኔ አርዳለሁ፣ እበልታለሁ፣ እቆርጣለሁ። በጾም ግን የሁለታችንም ሥራ አንድ ነው፤ ጥላው ሲዞር በርጩማችንን ይዘን አብረን መዞር። የቆቦን ፀሐይ የሚያውቅ ይህ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ ያውቃል።

ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ለምሳ ወደ ቤት ስታልፍ ቆም ብላ አየችን።

«እኔ የምለው፣ አንተ ግን ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጠፍቶሽ ነው?»

«አዎ፣ ጠፍቶኝ ነው። ሥጋ ሻጭ እንዳልልህ ሥጋ የለም። ሥራ ፈት እንዳልልህ ሱቅ አለህ። ሁዳዴ ሲገባ ትዘጋለህ፣ ፍልሰታ ሲገባ ትዘጋለህ፣ ረቡዕና ዓርብ ትዘጋለህ። የዓመቱን እኩሌታ ዝንብ እንኳ ዞር ብሎ አያይህም።»

«ዝንቡማ ማዶ ወዳለው የሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት ሄዷል፤» አለ ወንድሟ፣ ዓይኑን ከዳማው ሳይነቅል። «ዝንብ ሃይማኖት የለውም።»

እሷ ግን ለቀልድ አልመጣችም ነበር። «ጤና ጣቢያ በጾምም በፍስክም አይዘጋም፤» አለች። «እዚሁ ከተማችን የማታ ነርሲንግ ሊጀመር ነው። አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሃል። ደም አትፈራም። ሥጋ ታውቃለህ። ስለት ስትይዝ እጅህ አይንቀጠቀጥም። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ይህን ብላ ሄደች። እኔ ሳቅሁ፤ ወንድሟም ሳቀ። ነገር ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ልቤ ዳማው ላይ አልነበረም። ዕድሜዬ ወደ አርባ ተጠግቷል፤ የበሬ እግር እየተሸከምኩ የኖርኩበት ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ብሎ ልብስ ሰፊው ሁሉ የሚያስተውለው ሆኗል። በማግሥቱ መላጣዬን ተላጭቼ፣ የበዓል ሸሚዜን ለብሼ ልመዘገብ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ልጅ አሁን የምሠራውን ሥራ ጠየቀችኝ። «ሥጋ ቤት» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ትንሽ አሰበች።

«ይቀራረባል፤» አለችና ጻፈች።

ኮሌጁ ከአንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ በላይ ፎቁ ላይ የተከራየ ነው። ከታች ቆርቆሮ ሲጭኑ ከላይ ትምህርቱ ይቋረጣል። አብረውኝ የሚማሩት አስተማሪዎች፣ ፀጉር ሠሪዎች፣ አንድ ባጃጅ ነጂና አንድ ፖሊስ ነበሩ። ሁሉም ከሥራ በቀጥታ ስለሚመጡ እያንዳንዱ የሥራውን ሽታ ይዞ ይገባል። የእኔ ግን ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም የእኔ ሽታ ተከታይ አለው። ምንም ያህል በሳሙና ብታጠብ፣ ምንም ያህል ክንዴን በሎሚ ብፈትግ የሥጋ ቤታችን ውሾች አይታለሉም። ከደጃፋችን ተነሥተው በዋናው አስፋልት፣ በመነኸሪያው በኩል፣ እስከ ኮሌጁ ደረጃ ድረስ ይሸኙኛል። ትምህርቱ እስኪያልቅ ከደረጃው ሥር ተኝተው ይጠብቃሉ።

ፖሊሱ የመጀመሪያ ቀን ይህን አይቶ ሰላምታ ሰጠኝ፣ እግሩን አጋጥሞ። «ይሄን ሁሉ አጃቢ! የእኛ አለቃ እንኳ በአንድ ሰው ነው የሚሄዱት።»

የሰውነት ክፍሎችን የሚያስተምረን ገና ከትምህርት የወጣ፣ ከወልድያ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው። ክፍል ውስጥ «አንተ» ይለኛል፤ ውጭ ስንገናኝ «ጋሼ» ይላል፤ ሥጋ ቤታችን ለጥብስ ሲመጣ ደግሞ «የኔ ጌታ፣ ከለስላሳው አድርግልኝ» ይላል። እኔ በዚህ ትምህርት ልቤ ሙሉ ነበር። ኩላሊት የት እንዳለ፣ ጉበት በየትኛው በኩል እንደሚያርፍ፣ ሐሞት ቢፈስ ምን እንደሚያበላሽ ሌሎቹ በቃል ሲያጠኑ እኔ በእጄ የማውቀው ነገር ነው። እናም አላጠናሁም። የመጀመሪያው ፈተና ላይ የሰውን የምግብ መፍጫ ሥርዓት ሥዕል ሣሉ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ ጨርሼ፣ እጄን አጣጥፌ፣ ፀጉር ሠሪዎቹ ሲጨነቁ በርኅራኄ እያየሁ ተቀመጥኩ።

ውጤቱ በተመለሰበት ቀን መምህሩ የእኔን ወረቀት ለይቶ ያዘ።

«እዚህ መካከላችን፣» አለ፣ «አራት ሆድ ያለው ተማሪ አለ።»

ሁሉም ግራ ቀኙን ማየት ጀመረ።

«ጨጓራ አለው፤ ጥሩ። ቀጥሎ ሽንፍላ አለው። ሽንፍላው እጥፋቱ ሳይቀር አንድ በአንድ ተስሏል፤ ሥዕሉ በጣም ያምራል። አንተ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ይሄ ታካሚ ሲመጣ መድኃኒት ነው የምናዝለት ወይስ ድርቆሽ?»

ሳቁ ከታች ቆርቆሮ ከሚጭኑት ድምፅ በለጠ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ? ዕድሜ ልኬን የበለትኩት ሁሉ በሬ ነው፤ እጄ የሚያውቀውን ሣለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍል ስሜ «ሽንፍላ» ሆነ። ከዚህ ይበልጥ የጎዳኝ ግን መምህሩ ነው። ተማሪዎቹ «ለሽንፍላ ነጥብ የሚጨምርለት ጥብሱን እያሰበ ነው» ብለው እንዳያሙት ፈርቶ ወደ ሥጋ ቤታችን መምጣቱን ተወ። ከእኛ አለፍ ብሎ ሌላ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ተቀምጦ ሲበላ በመስኮት አየዋለሁ። የባለቤቴ ወንድም ይህን ሲያይ፣ «እስካሁን ከትምህርትህ ያተረፍነው አንድ ደንበኛ ማጣት ነው፤» አለኝ።

ማትረፉ በዚህ አላበቃም። መርፌ አወጋግ ስንማር ኮሌጁ ያለው አንድ የፕላስቲክ ክንድ ብቻ ነበር። ክንዱ ከመወጋቱ ብዛት እንደ ወንፊት ሆኖ ውኃ ሲሞላ በሁሉም በኩል ያፈሳል። መምህሩ፣ «ቤታችሁ ብርቱካን ላይ ተለማመዱ» አለን። ገዝቼ ሞከርኩ። ብርቱካን ግን ጡንቻ የለውም፤ የትም ብትወጋው ብርቱካን ነው። እኔ ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ነገር ቢቸግረኝ ጡንቻ አይቸግረኝም። አንድ ማክሰኞ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ አዲስ መርፌ ውኃ ሞልቼ ከተሰቀለው የበሬ ጭን ፊት ቆምኩ። ቦታውን በአልኮል ጠረግሁ። «አሁን ትንሽ ያምዎታል፤ አይፍሩ» አልኩት፣ እንደተማርነው። ወጋሁት።

ዞር ስል ጡረታ የወጡ አንድ ደንበኛችን በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየወጋሁት ነው፣ ጋሼ።»

ሥጋውን አዩ። እኔን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታሞ ኖሯል?» አሉኝ።

ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ሄደዋል። እስከ ማታ ወሬው ቆቦን አዳርሶ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ ሰው «ሚዛን እንዲደፋ ውኃ እየሞሉት ነው» ይላል፤ ግማሹ «በሬው ታሞ የሞተ ነው፤ ከሞተ በኋላ ነው ማከም የጀመሩት» ይላል። የባለቤቴ ወንድም ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። በማግሥቱ የንጽሕና ተቆጣጣሪ መጣ፤ ደብተሬን፣ አልኮሉንና የተወጋጋውን ብርቱካን አይቶ፣ ሳቁን መደበቅ ሲያቅተው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «እግሩን አስወግዱ፤ ሁለተኛ የሚሸጥ ነገር እንዳትወጉ» ብሎን ሄደ። እግሩ ለአጃቢዎቼ ደረሰ።

ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ሳለ ግን አንድ የራያ ገበሬ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ከቆላው በኩል ገብቶ ሥጋውን አንድ በአንድ መረመረ።

«የትኛው ነው የተከተበው?» አለኝ።

«የተከተበ የለም፣ ወንድሜ።»

«አትደብቀኝ። ከብቶቼ እንኳ ከተከተቡ ወዲህ በሽታ አይነካቸውም። ከተከተበው ቁረጥልኝ።»

እንደሌለ ሲረዳ ተከፍቶ ሄደ። የባለቤቴ ወንድም ኋላውን ኋላውን እያየ፣ «ሁሉንም ወግተኸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጨርሰን ነበር፤» አለ።

ከዚያ የተግባር ልምምድ መጣ፤ በየጧቱ ለጥቂት ሰዓት ባለቤቴ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ መገኘት አለብን። እዚህ ላይ የልብስ ነገር መነገር አለበት። ሥጋ ቆራጭ ነጭ ጋዋን ይለብሳል። ነርስም ነጭ ጋዋን ይለብሳል። ባለቤቴ አዲሱን ጋዋን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። እኔ ግን ጎህ ሲቀድ ከብት አርጄ፣ ሥጋውን ተሸክሜ ሱቅ አግብቼ፣ ታጥቤ ስሮጥ ያነሣሁት ያወለቅሁትን የሥጋ ቤት ጋዋን የከተትኩበትን ሌላውን ፌስታል ነው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ለበስኩት። ከፊት ለፊት ንጹሕ ነበር። ሥጋ የምሸከመው በጀርባዬ ስለሆነ ደሙ ሁሉ ያለው ከኋላ ነው፤ ይህን ደግሞ እኔ ላየው አልችልም።

ኮሪደሩን ሞልተው ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች «እንደምን አደራችሁ» እያልኩ አለፍኩ። ከፊቴ ያሉት በአክብሮት ይመልሳሉ፤ ካለፍኳቸው በኋላ ግን ጸጥታ ይሆናል። ለካ ጸጥታው እንደ ማዕበል ይከተለኛል። ጥርሱን ሊነቀል የመጣ አንድ ጎልማሳ ከአግዳሚው ተነሥቶ፣ ጉንጩን እንደያዘ፣ «ተሽሎኛል» ብሎ ወጣ። ልምምዱን የምትመራው ሲስተር ከክፍሏ ብቅ አለችና እጄን ይዛ አዞረችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ፣ «ከየት ነው የመጣኸው? ከግንባር?»

ሌላ ጋዋን ሰጠችኝ፤ የእሷ ስለሆነ እጅጌው ክርኔ ላይ ነው የቀረው። እንደዚያ ሆኜ ቁስል ወደሚጠረግበት ክፍል ገባሁ። አልጋው ላይ ከቆቦ አጠገብ ካለችው ሮቢት በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። የግራር እሾህ እግራቸው ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ፣ አመርቅዞ፣ እግራቸው ቅል አክሏል። ሲስተር ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን ከፈተች። መግልና ደም ወጣ። እኔ ይህን አልፈራሁም፤ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ። ከዚያ ግን አሮጊቷ «እህህ» አሉ።

ለካ እኔ የማውቀው ሥጋ ዝም ያለ ሥጋ ነው። ዕድሜ ልኬን ሥጋ ስቆርጥ ሥጋ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ያቺ «እህህ» በጆሮዬ ገብታ አልወጣችም። ግድግዳው ቀስ ብሎ ዞረ። ከዚያ በኋላ ያለውን በወሬ ነው የማውቀው።

ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ። አሮጊቷ ከአልጋ ወርደው፣ የታመመ እግራቸውን ዘርግተው፣ አጠገቤ ተቀምጠዋል። በሻርፓቸው ጫፍ ያራግቡኛል፤ ውኃ በጣታቸው ይረጩብኛል፤ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ይላሉ።

«እማማ፣ እግርዎን! ይነሡ ከመሬት!» ትላለች ሲስተር።

«ዝም በይ አንቺ፤ ልጁ ሊሞት ነው!»

ወዲያው በሩ ተከፈተና ባለቤቴ እየሮጠች ገባች። በእጇ ወረቀት ይዛለች። ፊቷ ደንግጧል፤ እጇ ግን ሥራውን አልረሳም። «ካርድ አውጥቼለታለሁ» አለቻት ለሲስተር።

የዚያን ዕለት ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሥጋ ቤት ደርሶ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ሚዛኑን ተደግፎ ጠበቀኝ። «በሬ ጥሎ የሚበልት ሰው፣ በአሮጊት እግር ተዘረረ ይሉኛል። እውነት ነው?» ደንበኞቹ ሥጋ ገዝተው መሄድ ሲገባቸው አይሄዱም። አንዱ ቅልጥም እንድሰብርለት ሰጥቶኝ፣ «ቀስ፤ እንዳይጮህብህ» አለኝ። ማታ ለባለቤቴ፣ «በቃኝ፤ እኔ የተፈጠርኩት ለማይናገር ነው» አልኳት። እሷ ጋዋኔን መተኮሷን ቀጠለች። በማግሥቱም፣ ከዚያ በማግሥቱም ጤና ጣቢያ አልሄድኩም።

በሦስተኛው ቀን ጧት አንድ ባጃጅ ሥጋ ቤታችን ፊት ቆመ። አሮጊቷ በምርኩዝ ወረዱ። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ደፉ ላይ ቆመው፣ መጥረቢያ ይዤ ጎድን ስፈልጥ እጄን አዩ። እኔ መጥረቢያውን አስቀመጥኩ።

«እማማ፣ ደኅና አደሩ? ምን ልታዘዝ?»

«ከሥጋህ አልገዛም፤ የእኔ ሥጋ ቤት ማዶ ነው። አንተን ላይ ነው የመጣሁት።» ወደ ተሰቀለው በሬ በምርኩዛቸው ጠቆሙ። «ይሄን ሁሉ ደም የማትፈራ፣ የእኔን ጠብታ ፈራህ?»

«ደሙን አይደለም፣ እማማ። ድምፅዎን ነው።»

ምርኩዛቸውን አወረዱ። የባለቤቴ ወንድም ከኋላ ሳቁን ሊያፍን ሲሞክር ሳል አደረገው።

«ትናንት አልመጣህ፣ ከትናንት ወዲያ አልመጣህ፤» አሉ። «ሰው ሁሉ ‘ያቺ አሮጊት የጣለችው ነርስ’ እያለ ይስቃል። ወላሂ እኔ ሰው ገዳይ አልባልም። በእኔ እግር ከወደቅህ በእኔ እግር ትነሣለህ። ኮቱ!»

ና ማለታቸው ነው። የራያ ቆላ አሮጊቶች እንዲህ ያለው የጥንት ኦሮምኛ ከአፋቸው አይጠፋም፤ በተለይ ሲቆጡ። እኔ የሥጋ ቤት ጋዋኔን አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ምርኩዛቸውን እንደ መቀርቀሪያ ከፊቴ አጋደሙት። ጤና ጣቢያው ኮሪደር ውስጥ ግን በምርኩዛቸው እየጠቆሙኝ፣ ተራ ለሚጠብቀው ሁሉ «አመጣሁት» ይሉ ነበር።

አልጋው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ። ሲስተር መቆንጠጫውን ለእኔ ሰጠችኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ያ ባለቤቴ የመሰከረችለት እጅ።

«ስማኝ፤» አሉኝ አሮጊቷ። «አንተ የምትወድቀው ‘እህህ’ ስል ነው። ዛሬ ‘እህህ’ አልልም። ሲያመኝ እሰድብሃለሁ። ስድብ ያስወድቅሃል?»

«ስድብ ለምጃለሁ፣ እማማ። ሥጋ ቤት ነው የምሠራው።»

«በል ጀምር።»

ፋሻውን መፍታት ጀመርኩ። ጫፉ ቁስሉ ላይ ተጣብቋል። ትንሽ ሳብ አደረግሁት።

«አንተ ጅብ!»

ቆምኩ። ጨው ባለው ውኃ አርጥቤ፣ ለስልሶ እስኪለቅ ጠበቅሁ።

«አሁን ደኅና፤» አሉ። ወደ ቁስሉ ጠርዝ ስደርስ «የጅብ የልጅ ልጅ!» መጣ። መሀሉን ስነካ ግን ስድቡ ከእኔ አልፎ ወደ አያቶቼ ወጣ፤ ከዚያም የመጡበትን አገር፣ ከዚያም የጫኑትን አህያ አዳረሰ። ሲስተር መስኮቱ ጋ ሄዳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን አልወደቅሁም። ስድቡ ሲበረታ እጄን አላላለሁ፤ ሲለዝብ እቀጥላለሁ። ስጨርስ ላቤ በጀርባዬ ወርዶ ነበር። እሳቸው አዲሱን ፋሻ ግራ ቀኝ አይተው፣ «ጠምዝዘኸዋል» አሉ። እውነታቸውን ነው። እንደገና ፈትቼ አሰርኩት።

እንዲህ እየተሰደብኩ ሰነበትኩ። ጧት ከብት አርዳለሁ፤ ታጥቤ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፤ እሰደባለሁ፤ ሥጋ ቤት ተመልሼ እቆርጣለሁ፤ ማታ እማራለሁ። ሌሎቹ ልምምድ ላይ ያሉ ልጆች የአሮጊቷን ተራ ጠብቀው በር ላይ ይሰበሰባሉ፤ ፖሊሱ ደግሞ ሥራ ላይ ሆኖ እንኳ ብቅ ይላል፤ «ለጣቢያችን የሚሆን ስድብ እየሰበሰብኩ ነው» ይል ነበር። በመካከሉ እግራቸው ቀስ በቀስ እብጠቱ ጎደለ፤ ቁስሉ ከዳር ወደ መሀል መቅላት፣ ከዚያም መድረቅ ጀመረ። ስድቡም አብሮ አነሰ። ከአያቶቼ ወደ አባቴ ወረደ፤ ከአባቴ ወደ እኔ፤ ከእኔ ወደ መላጣዬ።

አንድ ቀን ጧት ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ አስሬ ስጨርስ አንድም ቃል አልሰማሁም። ደነገጥኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እማማ፣ ምነው? ደኅና ነዎት?»

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«አልሰደቡኝም።»

«አላመመኝማ፤» አሉ። «በነጻ ልስደብህ?»

በሕይወቴ ብዙ ነገር አግኝቻለሁ፤ ያቺን ጧት ያህል ደረቴ የሞላበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ባለቤቴ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሆና ስታየኝ፣ «ምንድን ነው እንደ አውራ ዶሮ የምትራመደው?» አለችኝ።

ትምህርቱን ስንጨርስ የብቃት ምዘና ነበር። መዛኞቹ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ የማይስቁ ሰዎች ናቸው። አንድ ወጣት ታካሚ ሆኖ እንዲተኛ ተደርጓል፤ እግሩ ላይ ቁስል እንዳለ አስመስዬ ማጠብና ማሰር አለብኝ። እጄን ታጠብኩ፤ ጓንት አጠለቅሁ፤ ራሴን አስተዋወቅሁ። ከዚያ ከልማድ ብዛት፣ ሳላስበው፣ «ሲያምህ ስደበኝ» አልኩት።

መዛኙ እስክሪብቶውን አቆመ። «ምን አልከው?»

ሌላ መውጫ ስላልነበረኝ እውነቱን ነገርኩት። ሕመምተኛው ሲያመው በቃል እንዲነግረኝ ማድረጌ ነው አልኩ፤ አንዳንዱ ሰው ሕመሙን ውጦ ዝም ስለሚል መናገሪያ መንገድ መስጠት ይሻላል፤ እኔን ያስተማሩኝ አንዲት እናት በስድብ ነበር የሚነግሩኝ። መዛኙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ተኛው ልጅ ዞር ብሎ፣ «እስኪ ተሳደብ» አለው። ልጁ አፍሮ ቀላ። «ጋሼ፣ ትንሽ... ወፈር ብለሃል» አለ። ያ ከራያ ስድብ ጋር ሲወዳደር ምርቃት ነው። አለፍኩ።

ሥጋ ቤቱን ለባለቤቴ ወንድም ለቀቅሁ። የመጨረሻውን ቀን አብረን ስንዘጋ ቢላዬን አንሥቶ አገላብጦ አየ። «መቼም ተመልሰህ መምጣትህ አይቀርም፤» አለኝ፣ «ስለቱን አላበላሸውም።» ይህን ብሎ ወዲያው ውሾቹን መሳደብ ጀመረ።

የተቀጠርኩት በወልድያ መንገድ ባለችው ጎብዬ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የገበያ ቀን አሮጊቷ ከሮቢት በሚኒባስ መጡ፤ ብቻቸውን አልነበሩም። ጎረቤቶቻቸውን፣ ምራታቸውን፣ የማያማቸውን ሴቶች ሁሉ አስከትለዋል። አንድ ላስቲክ ሙሉ የማሽላ እሸት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ ለሴቶቹ እግራቸውን አውጥተው ጠባሳውን አሳዩ፤ ወዲያው እኔን አሳዩ። «ይሄ ነው፤» አሉ። «በዚህ እግር ነው የተማረው።» ሴቶቹ እግሩንም እኔንም በየተራ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ነርስነትን ስመርጥ ከተመኘኋቸው ነገሮች አንዱ ፋሲካን ቤቴ መዋል ነበር። ሥጋ ቆራጭ ፋሲካ የለውም። ሌላው ሰው ጾሙን ሲፈታ እሱ ቢላ ይዞ ቆሞ ነው። ልጆቼ የፋሲካ ጧት አባታቸውን አይተው አያውቁም። ስለዚህ ያን ዓመት ሁዳዴን ሙሉ ለልጆቼ ስደልላቸው ከረምኩ፤ «ዘንድሮ አብረን ነን» እያልኩ። በሰሙነ ሕማማት የተረኞች ስም ወጣ። አዲስ ገቢ እኔ ነኝ። የፋሲካ ተረኛም እኔው ሆንኩ።

በፋሲካ ዕለት ጤና ጣቢያ ምን እንደሚመስል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ረፋዱ ላይ አግዳሚዎቹ ሞሉ። ሁሉም ሆዱን ይዟል። ሁሉም «ምን በሉ?» ሲባል «ምንም፤ ትንሽ ቀመስ ነው ያደረግሁት» ይላል። ጾመው ጾመው በአንድ ሌሊት ዱለቱንም፣ ጥሬውንም፣ ዶሮውንም፣ ጠላውንም የላኩበት ሆድ ነው። አንዱን ስሸኝ አንዱ ይገባል። ከቀትር በፊት ከቆቦ በኩል አንድ ሚኒባስ ቆሞ፣ ሁለት ሰው ደግፎ ያወረደው አንድ ሰውዬ እየቃተተ ገባ። የባለቤቴ ወንድም ነው።

«ቆቦ እኮ ጤና ጣቢያ አለ፤» አልኩት።

«እዚያ ሁሉ ያውቀኛል። የባለ ሥጋ ቤቱ ሆድ ታመመ ሲባል ማን ይገዛኛል?» አለና ሆዱን ይዞ ተጎነበሰ።

«ምን በላህ?»

«ትንሽ...»

«ቀመስ አደረግህ።»

«ዱለት ነበር። ከዚያ ጉበት። ከዚያ ደንበኛ ሁሉ ‘አብረኸን ካልበላህ’ ሲል ጥሬ። ከዚያ ቤት ስገባ ዶሮው ተሠርቶ...» ሆዱን አሻሸ። «በቃ ውጋኝና ልሂድ።»

መረመርኩት። ከጥጋብ በቀር ሌላ ነገር አላገኘሁበትም። ጨውና ስኳር ያለውን ብጥብጥ በጆግ አድርጌ አጠገቡ አስቀመጥኩለት፤ ቀስ እያለ እንዲጠጣ፣ እስከ ነገ ምንም እንዳይበላ ነገርኩት።

«መርፌስ?»

«መርፌ አያስፈልግህም።»

«ከቆቦ ድረስ መጥቼ?» ቀና አለ፤ ሕመሙን ረሳው። «ለዘመድ እንኳ? መርፌ ሳልወጋ ታክሜያለሁ ብዬ ለማን ነው የማወራው?»

«ጠጣ።»

ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ። ደጁ ላይ ሌላ ሚኒባስ ቆመ፤ ባለቤቴና ልጆቼ ወረዱ። የአገር ልብስ ለብሰዋል፤ ባለቤቴ በትልቅ ሰሐን ዶሮ ወጥ፣ በመሶብ እንጀራ፣ በፌስታል ድፎ ዳቦ ይዛለች። «አንተ ካልመጣህ እኛ መጣን፤» አለች። ከዚያ ወንድሟን አልጋው ላይ አየችው። እሱን አየች፣ ጆጉን አየች፣ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ሰሐኑን ከእሱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠች።

ወረፋው ጋብ ሲል ከጤና ጣቢያው ጓሮ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን በላን። ትንሿ ልጄ ጋዋኔን ይዛ አለቀቀችም፤ ሌላዋ እንቁላሉን ለእኔ ለየችልኝ። የባለቤቴ ወንድም ጆጉን ታቅፎ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ጉሮሮውን እያንቀሳቀሰ ያየናል።

«አንድ ጉርሻ ብቻ፤» አለ።

«ነገ፤» አልኩት።

«አጥንቱን እንኳ?»

ባለቤቴ እንጀራ ጠቅልላ ወደ መስኮቱ ስትነሣ አየኋትና ቁጭ በይ አልኳት። ተቀመጠች። በዚያው ቅጽበት ከፊት ለፊት በር ሌላ «ትንሽ ቀመስ ያደረገ» ሰው «ሐኪም የለም እንዴ!» እያለ ሲጮህ ተሰማ። እጄን ታጠብኩና ገባሁ።